ኦአርኤስ ውስጥ ስኳር ለምን ይገባል?

ሰላም ወንድሜ፣ «ኦአርኤስ (በተቅማጥ ጊዜ በውሃ በጥብጠን የምንጠጣው ዱቄት) ውስጥ ስኳር ለምን ይገባል፣ ጨውና ውሃ ብቻውን አይበቃም ወይ?» ላልከው፣ አይበቃም። ስኳሩ ለጣዕም አይደለም የገባው።

የሴል ሽፋን በዋናነት ከቅባት የተሠራ ነው። ኦክስጅን ዝም ብሎ ሰርጎ ያልፋል። የጨው አካል የሆነው ሶዲየም ግን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው ቅባቱን አልፎ መግባት አይችልም፣ በር ይፈልጋል። ትንሹ አንጀታችን ላይ ደግሞ በጣም የሚገርመኝ አንድ በር አለ፦ 2 ሶዲየምና 1 ግሉኮስ (የስኳር ዓይነት ነው) አብረው ሲመጡ አንድ ላይ ያስገባቸዋል፣ ውሃውም በኦስሞሲስ ይከተላቸዋል። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሰህ ትንሽ ብትቆይ ሳህኑ ውሃ ያቁር የለ? እሱው ነው፣ ውሃ ጨው ወዳለበት ይሄዳል። ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ መሥራቱን አያቆምም፣ ኦአርኤስ ሕይወት የሚያተርፈውም ለዚህ ነው።

የገባውን ሶዲየም ከሴሉ በሌላ በኩል ፓምፕ ያወጣዋል፤ በ1 ኤቲፒ (ለሴሉ ኃይል የሚሰጥ ሞለኪውል) 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል።

አደራ፣ ስኳር አትጨምርበት! በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ሶዲየሙም ግሉኮሱም በሊትር እኩል 75 ሚሊሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ነው። ስኳሩ ከበዛ ውሃው ተመልሶ ወደ አንጀት ይወጣና ተቅማጡን ያባብሰዋል።