ፖፕ አፕ ካርድ የሚለካው ተዘግቶ ነው

እህቴ፣ የለጠፍሽውን አየሁት። «ሃያ የገና ካርድ በእጄ ልሠራ ተነስቼ የመጀመሪያው ላይ ቆምኩ። ስከፍተው ዛፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስዘጋው ጫፉ በካርዱ አፍ ይወጣል፣ የተለጠፈበት ደረጃም ይጨማደዳል። ኮላው ነው ወይስ ወረቀቱ? የመቁረጫ ማሽንስ ልግዛ?» ነው ያልሽው። ከስር የመለሱልሽ ሁሉ ኮላ ቀይሪ ብለዋል። ኮላሽን ለጊዜው ተይው። ራስሽ የጻፍሽውን ቁጥር ተመልከቺ፦ ካርዱ ተዘግቶ 14.8 በ10.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እጥፋቱ በረጅሙ ጎን ነው፣ ዛፉ 8 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የተለጠፈው ከእጥፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት በወጣ ደረጃ (ታጥፎ ካርዱ ሲከፈት እንደ ደረጃ በሚቆም ወረቀት) ላይ ነው። 8 እና 3 ሲደመር 11። የገጽሽ ስፋት 10.5 ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትሩ በየት ይግባ?

ቪዲዮዎቹ ይህን አይነግሩሽም። ዛፉ ብቅ ሲል ያሳዩሻል፣ ሙዚቃ ይለቁብሻል፣ ካርዱ ሲዘጋ ግን ቪዲዮው አልቋል። ስለዚህ እኔ ቁጥር እየሰጠሁ ልጻፍልሽ። ወረቀት ማጠፍና መቀስ መያዝ ታውቂያለሽና እሱን እዘለዋለሁ።

1. የተዘጋውን ካርድ ለኪ። ካርዱ ሲዘጋ ቆሞ የነበረው ዛፍ ወደ ፊት ይተኛል። እግሩ ከእጥፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለሚጀምር ጫፉ 11ኛው ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ሕጉ አጭር ነው፦ ከእጥፋቱ ያለው ርቀትና የምስሉ ቁመት ተደምረው ከገጹ ስፋት ቢያንስ በ5 ሚሊ ሜትር ማነስ አለባቸው። ለአንቺ ካርድ ድምሩ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ርቀቱን 3 ላይ ትተሽ ዛፉን 7 አድርጊው፣ ወይም ዛፉን 7.5 አድርገሽ ደረጃውን ወደ 2.5 አስጠጊው። ጫፉ ላይ ኮከብ የምትለጥፊ ከሆነ ኮከቡም ይቆጠራል። ዛፉን በትክክል ለክቶ ኮከቡን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

2. መጨማደዱ የሚመጣው ከደረጃው ነው። ደረጃውን ለብቻው ቆርጠሽ ከለጠፍሽ፣ የአናቱ ርዝመት ወለሉ (የታችኛው ገጽ) ላይ ከእጥፋቱ ካለው ርቀት ጋር፣ የፊቱ ቁመት ደግሞ ከጀርባው ገጽ ላይ ከተጣበቀበት ከፍታ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዱ በ1 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ካርዱ ሲከፈት ደረጃው ያዘነብላል፣ ሲዘጋ ደግሞ ትርፏ ሚሊ ሜትር መሄጃ አጥታ ወረቀቱን ታጎብጠዋለች። 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚወጣና 4 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ደረጃ ከፈለግሽ 9 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጪ። የእጥፋት መስመሮቹ 1፣ 4 እና 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ናቸው። ሁለቱ ዳር ያሉት 1 ሳንቲ ሜትሮች የሚጣበቁት ምላሶች ናቸው። የምላሱ እጥፋት በትክክል ጀርባው ላይ 4፣ ወለሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር መስመር ላይ ይረፍ፤ የሚለካው እጥፋቱ ነው፣ የምላሱ ጫፍ አይደለም። የምላሶቹን ማዕዘኖች በሰያፍ ቁረጫቸው፣ አለበለዚያ ከምስሉ ጎን ብቅ ይላሉ።

ደረጃውን ከገጹ ራሱ ከእጥፋቱ ጀምረሽ ሁለት ትይዩ ቁርጥ ቆርጠሽ ወደ ውስጥ የምትገፊው ከሆነ ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግሽም፣ ልኬቱ በራሱ እኩል ይወጣል። እዚያም ግን አንድ ነገር አለ፦ ደረጃው ሲዘጋ የቁርጡን ርዝመት እጥፍ ወደ አፍ ይሄዳል። 5 ሳንቲ ሜትር ከቆረጥሽ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በ10.5 ገጽ ላይ 5 የመጨረሻው ነው። እየጠበቡና እያጠሩ የሚሄዱ ቁርጦች ደርድረሽ ዛፍ የምታወጪ ከሆነ የሚለካው ረጅሙ ቁርጥ ብቻ ነው።

3. ካርዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ዛፉ መሀል ላይ እንዲቆም ከፈለግሽ ደረጃ አይሆንሽም፣ የቪ ቅርጽ ነው የሚያስፈልግሽ። ዛፉ መሀሉ ላይ ታጥፎ ሁለቱ እግሮቹ ከካርዱ እጥፋት ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ይጣበቃሉ፤ የቪው ሹል በትክክል እጥፋቱ ላይ ይሁን። የዛፉ የታችኛው ጠርዝ ከመሀል እጥፋቱ ጋር 90 ዲግሪ ከሠራ ዛፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲዘጋ ግን ወደ ካርዱ አፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በሰያፍ ወደ ኋላ፣ እግሮቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ ይተኛል። 8 ሳንቲ ሜትር ዛፍ ከእጥፋቱ 5.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከቪው ሹል ወደ ኋላ ደግሞ ሌላ 5.7 ይሄዳል። ስለዚህ ሹሉ ከካርዱ የኋላ ጠርዝ ቢያንስ 6.2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ዛፉ ቢወጣ እንኳ የሚወጣው በጎን ነው፤ «በአፉ በኩል ልኬቱ ልክ ነው፣ ለምን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄው ነው።

አጣበቁም የራሱ ዘዴ አለው። ሁለቱን ምላሶች በአንድ ላይ ለማጣበቅ አትሞክሪ። ምላሶቹ መሀል ላይ አይነካኩ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተይላቸው፤ ከተነካኩ እጥፋቱ ውስጥ ይቀረቀራሉ። መጀመሪያ አንዱን ምላስ በመስመሩ ላይ ለጥፊ። ከዚያ ዛፉን በመሀል እጥፋቱ አጥፈሽ አስተኚው፣ ሁለተኛው ምላስ ወደ ላይ ይሁን፣ ኮላ ቀቢውና ካርዱን በላዩ ዝጊው፣ ተጫኚው። ምላሱ ቦታውን ራሱ ያገኛል። በእርሳስ ለክቶ ሁለተኛውን ለማስተካከል ከመሞከር ይህ እጅግ ይሻላል፤ ካርዱ በተዘጋበት ሁኔታ የተጣበቀ ነገር እንዴት አድርጎ አልዘጋም ይላል?

ወረቀቱን በተመለከተ፣ «ወፍራም ነው» የሚል ሻጭ ምንም አልነገረሽም። ግራሙን (የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት) ጠይቂ። ለውጭው ሽፋን ከ250 እስከ 300 ግራም፣ ፖፕ አፑ ለሚወጣበት የውስጥ ገጽ ከ200 እስከ 220፣ ለዛፉና ለደረጃው ከ160 እስከ 200። ከዚያ በላይ የወፈረ ደረጃ እጥፋቱ ላይ ይገትርና ካርዱ ተዘግቶ አይተኛም፣ አፉ ሁልጊዜ ገርበብ ይላል። ባለ 80 ግራም የኮፒ ወረቀት ለሙከራ ብቻ ነው፤ ለሙከራ ግን የግድ ነው። ጥሩውን ወረቀት ከመንካትሽ በፊት በኮፒ ወረቀት ሠርተሽ አሥር ጊዜ ክፈቺው፣ ዝጊው።

ከግራሙም በላይ ብዙ ካርድ የሚያበላሸው የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት ሲሠራ ቃጫው አብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ከቃጫው ጋር ትይዩ ስታጥፊ እጥፋቱ ንጹህ ይወጣል፣ አቋርጠሽው ስታጥፊ ይሰነጠቃል፣ ባለ ቀለም ወረቀት ከሆነ ነጭ መስመር ይታያል። ለማወቅ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ቁረጪ፣ የትኛው ጎን ከየት እንደመጣ ምልክት አድርጊበት፣ ከዚያ ሳታጥፊ በሁለቱም በኩል ጎበጥ አድርጊው። በቀላሉ በጎበጠበት በኩል የጉብጠቱ ወገብ ከቃጫው ጋር ትይዩ ነው። ኤ4 ወረቀት ብዙ ጊዜ ቃጫው በረጅሙ በ29.7 ጎን ነው። ያ ከሆነ ለሁለት ቆርጠሽ እያንዳንዱን ግማሽ እንደገና አጥፈሽ የምታገኚው የአንቺ መጠን ካርድ እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ይሄዳል። ሙሉውን ኤ4 አንዴ አጥፈሽ ትልቅ ካርድ ብታደርጊው ግን ቃጫውን ታቋርጪዋለሽ። አንዳንዱ ሰው ትልቁን ካርድ ሲሠራ ብቻ «ወረቀቱ ተበላሸብኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

እጥፋትን በጣት ብቻ አታጥፊ። የብረት ማስመሪያ አስጠግተሽ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ወይም በአጥንት ማጠፊያ መስመሩን ሁለት ጊዜ ተጫኚው፣ ወረቀቱ ሳይቆረጥ ይስረግ። ስታጥፊ የሰረገው ጎድጓዳ በውጭ፣ እብጠቱ በውስጥ በኩል ይሁን። በተቃራኒው የሚያደርጉ አሉ፤ በቀጭን ወረቀት ያልፋል፣ በ300 ግራም ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከተርን ለእጥፋት መስመር በግማሽ ጥልቀት መጠቀም ግን እንኳን ለሚከፈትና ለሚዘጋ ካርድ ለምንም አይሆን፤ መስመሩ ከጊዜ በኋላ ይቀደዳል።

ከተሩ ቀጭን 9 ሚሊ ሜትር ምላጭ ያለው ይሁን። በአንድ ከባድ ጉተታ ሳይሆን በሁለት ሦስት ቀላል ጉተታ ቁረጪ። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ጸጉር ማውጣት ከጀመረ የምላጩን ጫፍ ስበሪ፣ አትሰስቺለት፤ የደነዘ ምላጭ ወረቀትም ይቀድዳል፣ ተንሸራቶም እጅ ያገኛል። ዛፉ ውስጥ ቀዳዳ ወይም ኮከብ ካለ ውስጡን መጀመሪያ፣ የውጭውን ቅርጽ መጨረሻ ቁረጪ፤ ውጩ ቀድሞ ከተቆረጠ የምትይዢበት አይኖርሽም። በሁለት ቀዳዳ መካከል የሚቀረው ወረቀት ከ2 ሚሊ ሜትር አይነስ። ቁርጥ ከማዕዘን ጀምሪና ወደ ውጭ ጎትቺ፣ ማዕዘኑን ያለፈች ቁርጥ ሁሉ የመቀደጃ መጀመሪያ ናት።

አሁን ኮላው። ነጭ ኮላ ውሃ አለው፣ ወረቀቱ ውሃውን ይጠጣና ይነፋል፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ለምላሶች ግን ከእሱ የሚሻል የለም፣ ምክንያቱም ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሻል። በስስ ቀቢው፣ በወረቀት ቁራጭ አስተካክዪው፣ በመጽሐፍ ጫኚው። ስቲክ ኮላ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አትጠቀሚ፤ ደርቆ ይለቃል። ትኩስ ኮላ ጉብታ ይሠራል፣ ካርዱን አያዘጋም። ሽፋኑን ከውስጥ ገጹ ጋር ለማጣበቅ ደብል ቴፕ ምርጥ ነው፣ ግን ከእጥፋቱ ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዪ። ከደረጃው ቁርጥ ጀርባም ምንም ማጣበቂያ አይኑር፤ እዚያ አንዲት ጠብታ ከገባች ደረጃው ከሽፋኑ ጋር ይጣበቅና ካርዱ ሲከፈት ዛፉ አይነሳም። ሽፋኑን ስታለብሺ ካርዱን ዘርግተሽ አታጣብቂ። የታጠፈውን ገጽ በታጠፈው ሽፋን ውስጥ አስገቢ፣ አንዱን ገጽ አጣብቂ፣ ዝጊ፣ ሌላውን ገጽ ኮላ ወይም ቴፕ አድርገሽ ሽፋኑን በላዩ ዝጊበት። ተዘርግቶ የተጣበቀ ካርድ ሲታጠፍ የውስጡ ወረቀት ትርፍ ይሆንና እጥፋቱ ላይ ያብጣል። የውስጥ ገጹን በየጎኑ በ2 ሚሊ ሜትር ከሽፋኑ አሳንሺው።

ስፖንጅ ያለው ቴፕ ዛፉን ከፍ ለማድረግ ትወጂው ይሆናል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ አንድ ቦታ ብቻ ተጠቀሚው፣ እጥፋት አጠገብ ግን ፈጽሞ አትለጥፊው። ዶቃና ጠንካራ ጌጥ ሲዘጋ ሽፋኑን ከውስጥ ይወጋዋል፣ ከፊት ለፊት ጉብታው ይታያል። ብልጭልጭ ያለው ኮላ ሌሊቱን ይደር እንጂ በዚያው ሰዓት አትዝጊው፣ ተቃራኒውን ገጽ ይዞ ይቀራል።

ማሽኑን በተመለከተ፦ ለሃያ ካርድ አትግዢ። እንደ ክሪከት ወይም ሲሉዌት ያሉት ማሽኖች ተመሳሳይ ቅርጽ ደጋግመው በመቁረጥና ዳንቴል የመሰለ ቀጭን ቅርጽ በማውጣት ጎበዞች ናቸው። ልኬት ግን አይሠሩልሽም፤ 11 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰውን ዛፍሽን በሚያምር ጠርዝ ይቆርጡልሽና እሱም አይዘጋም። እጥፋትንም በነጠብጣብ ቁርጥ ሲያደርጉት ደረጃው ላይ ይደክማል፤ ሳይቆርጥ መስመር የሚጫነውን መርፌ ነው መጠቀም ያለብሽ። ማሽን ያለው ሰው ካዋሰሽ አንድ ምክር፦ ከተቆረጠ በኋላ ወረቀቱን ከሚጣበቀው ንጣፍ አትላጪ፣ ንጣፉን ገልብጠሽ ንጣፉን ከወረቀቱ ላጪ። ወረቀቱን ከሳብሽው ይጠቀለላል፣ የተጠቀለለ ዛፍ ደግሞ አይቃናም።

ሃያውን በእጅ ለመጨረስ አንድ ትክክለኛ ዛፍና አንድ ደረጃ ከ300 ግራም ወረቀት ቆርጠሽ ቅርጽ ማውጫ አድርጊያቸው፣ ልኬቱን ላያቸው ላይ ጻፊ። ከዚያ ካርድ በካርድ አትሂጂ፤ ሃያውንም ቁረጪ፣ ሃያውንም መስመር ጫኚ፣ ሃያውንም አጥፊ፣ መጨረሻ ላይ አጣብቂ። የምታጣብቂውን የመጀመሪያውን ዘግተሽ ሳታይ ወደ ሁለተኛው አትለፊ። ትዕግሥት ካለሽ በእጅ የወጣው ጠርዝ ማሽኑ ካወጣው አያንስም፣ ይህን በደንብ ታይዋለሽ።

ፖስታውን ደግሞ ካርዱን ከመቁረጥሽ በፊት ግዢ። ለ14.8 በ10.5 ካርድ የሚሆነው ሲ6 የሚባለው 16.2 በ11.4 ሳንቲ ሜትር ነው። የመልካም ገና ጽሑፍሽን ዛፉ ከመጣበቁ በፊት ገጹ ጠፍጣፋ ሳለ ጻፊው፣ ቀለሙም ይድረቅ፤ ከደረጃ ጋር እየታገሉ የሚጻፍ ጽሑፍ አያምርም። አዲሱን ከሠራሽ በኋላ ፎቶ ስትለጥፊ የተዘጋውን በጎን በኩል አንሺው፣ አፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው ካየሁ የቀረውን እነግርሻለሁ።