መጀመሪያ ደሙን፣ ቀጥሎ ባጃጁን፦ ስለ ድንገተኛ ጉዳት ርዳታ የጎንደር ሰዎች ጥያቄና መልስ

በማራኪና በአዘዞ ለሠፈር ሰዎች፣ ለባጃጅ አሽከርካሪዎችና ለመምህራን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና በሰጠን ቁጥር ሰዓቱ ያልቅና ጥያቄው ይቀራል። የቀረባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሱ። ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የምጽፈው የጤና ትምህርት ለሌለው ሰው ስለሆነ በቤት ቋንቋ ነው።

ጥያቄ (ባጃጅ አሽከርካሪ)፦ ሰው ተገጭቶ ሲወድቅ ሕዝቡ «ጫነው! ጫነው!» ይለኛል። ቶሎ ሆስፒታል ማድረስ አይሻልም?

ማድረሱማ ግድ ነው። ደሙ እየተንዠቀዠቀ ግን አትንዳ። ትልቅ ደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። የአንድ አዋቂ ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። ከአዘዞ እስከ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ያለውን መንገድ ደግሞ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ 5 ደቂቃ አይበቃውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ መኪና እናንተንም እንዳይደርባችሁ አንድ ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ያስቁም። ቀጥሎ ደሙ ከየት እንደሚፈስ ፈልግ። ጥቁር ሱሪና ወፍራም ካፖርት ደም ይደብቃሉ፤ ግለጥ፣ ካስፈለገም ቅደድ። ካገኘኸው ተጫነው። ከዚያ ጫኑት። በጉዞም ላይ አንድ ሰው ከኋላ አብሮት ተቀምጦ እጁን ከቁስሉ ሳያነሣ ይሂድ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ተጎጂ ወደ እኛ የሚመጣው በእናንተ ባጃጅ ስለሆነ ነው፤ ከነርስና ከሐኪም በፊት የምትደርሱት እናንተ ናችሁ።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ «ተጫነው» ሲባል ምን ያህል ነው? በምንስ?

ሙሉ ጉልበትህን። ሰውየውን ጠንካራ መሬት ላይ አስተኛው፤ ሶፋና ፍራሽ ግፊቱን ይበሉታል። ነጠላም ይሁን ሻሽ ወይም የራስህ ቲሸርት አጥፈህ ቁስሉ ላይ አድርግ፤ ሁለት እጅህን ደራርበህ፣ ክንድህን ቀጥ አድርገህ፣ በሰውነትህ ክብደት ተጫን። ንጹሕ ጨርቅ ቢገኝ መልካም ነው፤ እሱን ፍለጋ ግን ደቂቃ አታባክን።

ጭኑ፣ ብሽሽቱ፣ ብብቱ ወይም ክንዱ ላይ ጥልቅ ቁስል ካለ ከላይ ማልበስ ብቻውን አይበቃም። ጨርቁን በጣትህ ወደ ቁስሉ ውስጥ፣ ደሙ ወደሚመነጭበት ድረስ ጠቅጥቅ፤ ሲሞላ ከላይ ተጫን። ሰውየው ይጮኻል፣ ይለምንሃልም። ልብህ ይራራል፤ እጅህ ግን አይላላ። ደረትና ሆድ ውስጥ ጨርቅ አይጠቀጠቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ቆመ ወይስ አልቆመም?» እያለ ጨርቁን በየደቂቃው ገለጥ ያደርጋል። መርጋት የጀመረው ደም አብሮ ይነሣል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትገልጥ ያዝ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርብበትና አጠንክረህ ተጫን።

ጥያቄ (እናት)፦ እኛ ስንቆረጥ ቡና ዱቄት እንነሰንሳለን፤ ቀጥ ያደርገዋል። ምን ክፋት አለው?

እናቴ፣ ትንሽ ቁርጥ እኮ ያለ ቡናውም ይቆማል። ትልቁን ቁስል ደግሞ ቡና አያቆመውም፤ ዐይናችን ቁስሉን እንዳያይ ይሸፍነዋል፣ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ እኛም ታካሚውን እያሳመምን ፍቀን ማውጣት አለብን። አመድና አፈርም እንደዚያው ናቸው። አፈር የነካው ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ስለሚችል ክትባቱን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ስለ ቃጠሎም የጠየቃችሁ አላችሁ፤ መልሱ ከዚሁ ጋር ይሂድ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፦ አንዱም አይቀባ። ቧንቧ ካለ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከሌለ በጆግ እያፈሰሱ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና።

ጥያቄ (መምህር)፦ አጥብቆ ማሰር እጅና እግርን ያስቆርጣል ይባላል። እውነት ነው?

ያለ ቦታውና ያለ ልኩ ከታሰረ፣ ረጅም ሰዓትም ከቆየ አዎ፣ ይጎዳል። በቦታው ሲሆን ግን ነፍስ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ዜጋ ደም ማቆም እንዲችል ተብሎ የተጀመረው ዘመቻ የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፤ መጫን፣ መጠቅጠቅ፣ ማሰር። እኛም የምናስተምረው ይኸንኑ ነው።

ማሰር ለእጅና ለእግር ብቻ ነው፤ በመጫን እምቢ ሲል፣ ወይም ብዙ ተጎጂ ኖሮ እጅ ሲያጥር። ከቁስሉ 5–7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በቁስሉና በልብ መካከል ይታሰራል፤ ክርንና ጉልበት ላይ አይሆንም። ሲባጎና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ። የቆዳ ቀበቶ ደግሞ የሚፈለገውን ያህል አይጠብቅም። የእናቶቻችን መቀነት ግን አራት ጣት ያህል ስፋት እንዲኖረው ታጥፎ፣ አጭር ጠንካራ እንጨት ገብቶበት ሲጠመዘዝ ግሩም ይሆናል። ደሙ እስኪቆም ጠምዝዝና እንጨቱን እሰረው። በሚታይ ቦታ ሰዓቱን ጻፍ። ታስሮ ለ2 ሰዓት ያህል ቢቆይ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያመጣም። «ደም ይዘዋወርለት» ብሎ መንገድ ላይ ማላላት ግን የቀረውንም ደም ማፍሰስ ነው፤ የሚፈታው ሐኪም ነው።

ወደ መተማ ለሥራ የምትወርዱ፣ ይህ አጥብቆ ማሰር ለእባብ ንክሻ እንደማይሠራ ያዙልኝ።

ጥያቄ (ከደምቢያ፣ ገበሬ)፦ ልጄ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት። ጥፋት ሠራሁ?

አባቴ፣ በቅርብ ያለውን ሰው ጠሩ፤ በዚህ ማን ይወቅስዎታል? አሁን የሚያስጨንቀኝ እስሩ ነው። ቀርከሃው ወይም ሸምበቆው በጣም ከጠበቀ ደም ወደ ጣቶቹ አይደርስም፤ በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ስብራቱ ቀላል ሆኖ ሳለ በእስሩ ብቻ!

አሁኑኑ የልጁን ጣቶች ይዩ። ቀዝቅዘዋል? ገርጥተዋል ወይም ጠቁረዋል? ደንዝዞታል? ጣቶቹን ቀና ሲያደርጉለት ይጮኻል? ሕመሙስ ከታሰረ በኋላ ብሷል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ እስሩን ሌሊትም ቢሆን ይፍቱትና ወደ ሆስፒታል ይምጡ። «ነገ ወጌሻው መጥቶ ያየዋል» አይባልም። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት መቅላቱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ደም እያጠረው ነው። ምልክቱ ባይኖርም ራጅ ቢነሣ ይሻላል።

ለሌሎቻችሁም፦ የተሰበረ አካል አይታሽም፣ አይጎተትም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አምጡት፣ ወደ ውስጥ አትመልሱት። መደገፊያው ካርቶን ወይም ጣውላ ሊሆን ይችላል፤ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ይያዝ፣ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ይኑረው፣ እንዳገኛችሁት ቅርጽ ይታሰር። ወጌሻ የሆናችሁ ወንድሞች ወደ ሥልጠናው ብትመጡ ደስታዬ ነው። ሰው የሚያምናችሁ ስለሆነ፣ «ይህ ለሆስፒታል ነው» የምትሉት አንድ ቃል እኛ ከምናስተምረው ይበልጣል።

ጥያቄ (የጥምቀት አስተናጋጅ ወጣት)፦ ብዙ ሰው በአንዴ ቢጎዳ ከማን እጀምራለሁ?

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ቆስለዋል። ጥያቄህ ለጎንደር ሰው የሩቅ ነገር አይደለም።

መራመድ የሚችሉትን ጠርተህ ወደ አንድ ወገን አውጣ። የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ወዳሉት ሂድ። ደም በብዛት የሚፈሰውን አቁምና ወደ ቀጣዩ እለፍ፤ አንዱ ጋ አትቅር። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። «ሰው ይደውል!» ብለህ ከጮኽህ ግን ማንም አይደውልም። በጥምቀት ቀን ሁሉም ነጭ ለባሽ ስለሆነ «አንተ ባለ ጋቢ» ማለትም አይሠራም፤ የአንዱን ክንድ ያዝ፣ ዐይኑን እያየህ «አንተ ደውል፣ ደውለህ ንገረኝ» በለው። ሌሎቹን ደግሞ እጅ ለእጅ አያይዘህ ለአምቡላንሱ መግቢያ አስከፍት።

ጥያቄ፦ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ መስጠት፣ ክብሪት ማሸተትስ?

ሁለቱም አይሆኑም። ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። ጋቢ ግን አልብሱት፤ ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል፣ የጎንደር ሌሊት ደግሞ ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ከፎቅ ሥራ ላይ የወደቀን ሰው እንዴት እናንሣው?

አራት ሰው እጅና እግሩን አንጠልጥሎ አይደለም። አንድ ሰው ራሱን ከአንገቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌሎቹ በአንድ ትእዛዝ እንደ ግንድ አገላብጠው ሳንቃ ወይም ቃሬዛ ላይ ያድርጉት። ለዚህ ሰው ባጃጅ አይሆንም፣ ወገቡን ያጥፈዋል። አምቡላንስ ካልተገኘ ጋድም የሚያስተኛ መኪና ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ቢላ ተሰክቶበት ቢሆንስ?

አይነቀልም። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ጓንት የለኝም፤ ኤች አይ ቪ እፈራለሁ።

መፍራትህ ተገቢ ነው። ፌስታል እጅህ ላይ አጥልቅ። ያልቆሰለ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ደም በሳሙና ይታጠባል። ዐይንህ ወይም የራስህ ቁስል ውስጥ ከገባ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ መከላከያ መድኃኒቱን ለመጀመር ጤና ተቋም ሂድ።

ጥያቄ፦ ረድቼ ሳደርስ ፖሊስ «የገጨኸው አንተ ነህ» ቢለኝስ?

ብዙ ሰው እጁን የሚሰበስበው በዚህ ፍራቻ ነው፣ አልንቀውም። ሕጉ ግን ከምትረዳው ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በራሱና በሌላው ላይ አደጋ ሳይመጣ መርዳት እየቻለ ብርቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ የተወን ሰው ያስጠይቃል። ለጥንቃቄ ብቻህን አትጫን፤ ከቦታው አንድ ምስክር ይዘህ ሂድ፣ የገጪውን ታርጋም በስልክህ አንሣ።

ጥያቄ (ሌላ ባጃጅ አሽከርካሪ)፦ ከወንበሬ ሥር ምን ላስቀምጥ?

ጓንት፣ ሁለት ጥቅል ፋሻ፣ ጎዝ፣ አሮጌ ንጹሕ ነጠላ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ጠንካራ ጨርቅ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን የማይሰበር እንጨት፣ መቀስ፣ ባትሪ፣ ሰዓት መጻፊያ እስክሪብቶ። ዝናብ እንዳያርሰው በፌስታል ቋጥረው። ጎረቤትህ ያለው አሽከርካሪም የት እንዳስቀመጥከው ይወቅ፤ ተጎጂው አንተው ራስህ ልትሆን ትችላለህ።