ዳገቱን በአውቶቡስ፣ ቁልቁለቱን በብስክሌት

ዋሽንግተን ዲሲንና ዙሪያዋን ያለ መኪና ስለማየት የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። ስለ ፓርኪንግ ቅጣት የጻፋችሁልኝ ለዛሬ ይቅር በሉኝ፤ የዛሬው ተራ የአውቶቡስና የዚያ በየማዕዘኑ ተደርድሮ የምታዩት ቀይ የጋራ ብስክሌት፣ የካፒታል ባይክሼር፣ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። በዲቪ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው። ሥራዬ የሌሊት ነው፤ ቅዳሜ ብቻ አርፋለሁ፤ መንጃ ፈቃድም ገና የለኝም። እስካሁን የማውቀው ቤቱን፣ ሥራ ቦታዬንና ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ነው። አጎቴ «እዚህ አገር መኪና የሌለው እግር የለውም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አጎትህ ከሜዳ ተነሥተው አይደለም የተናገሩት፤ በውድቅት ሌሊት ከሥራ የሚወጣ ሰው መኪና ቢመኝ አይፈረድበትም። ከተማ ለማወቅ ግን መኪናን የመሰለ መጥፎ ነገር የለም። ሃያ ዓመት እዚህ ነድተው ከሀይዌይ መውጫ ቁጥር በቀር ምንም የማያውቁ ወዳጆች አሉኝ።

አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፤ ከሰፈርህ ዲ40 የሚባል ሜትሮባስ፣ የዲሲና የዙሪያዋ አውቶቡስ፣ ይነሣል። ድሮ 70 ነበር ቁጥሩ። ሰኔ 2025 መጨረሻ ላይ የሜትሮባስ መስመሮች በሙሉ አዲስ ስም ሲወጣላቸው ነው ዲ40 የሆነው። ስለዚህ የቆየ ሰው «ሰባውን ያዝ» ቢልህ ግራ አትጋባ። ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ መናኸሪያ ተሳፈርና በቀኝ በኩል መስኮት ያዝ። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ እስከ መሀል ከተማ ይወርዳል።

እየወረድክ የመንገዶቹን ስም አንብብ። ይህን ነገር ማንም ሳይነግረኝ ስንት ዓመት ኖርኩ! በዚህ በኩል የሚያቋርጡህ መንገዶች የተሰየሙት በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ነው። ከሜሪላንድ ድንበር እንደገባህ የዛፍና የአበባ ስሞች ናቸው፦ ካልሚያ፣ ጁኒፐር፣ ጀሬኒየም፣ ዳሊያ እያለ ወደ አስፐን ይወርዳል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሲነበቡ ሦስት ክፍለ ቃል ያላቸው ይከተላሉ፤ ዊቲየር፣ ሸሪደን፣ ሃሚልተን፣ አሊሰን። ቀጥሎ ባለ ሁለቶቹ፤ ዌብስተር፣ ቴይለር፣ ኒውተን፣ ኧርቪንግ። በመጨረሻ ስም ያልቅና ፊደሉ ብቻውን ይቀራል፦ ቲ፣ ኤስ፣ አር። የሌሊት ሠራተኛ ነህና እንቅልፍ ቢወስድህ እንኳ፣ ስትነቃ የመንገዱን ስም አይተህ ከመሀል ከተማ ምን ያህል እንደቀረህ ታውቃለህ።

በቀኝህ ዋልተር ሪድ ይመጣል። እስከ 2011 የጦር ሠራዊቱ ትልቅ ሆስፒታል ነበር፤ አሁን መኖሪያና ሱቅ እየሆነ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ኳከንቦስ የሚባል ለምላሳችን የማይመች መንገድ ጋ ወርደህ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብትራመድ፣ ፎርት ስቲቨንስ የሚባል የአፈር ምሽግ ታገኛለህ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በሐምሌ 1864፣ የደቡቡ ጦር እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ምሽጉ ላይ ቆመው ውጊያውን ሲያዩ ተተኩሶባቸዋል። ዛሬ ሣር ነው፤ ሁለት መድፍና ዝምታ።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ፊትህን ወደ ግራ መልስ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚህ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩትና በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ጃንሆይም በ1954 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። የኛ ሰው በዚህ በር ፊት በየቀኑ ያልፋል፤ ስንቱ ቀና ብሎ አይቶታል? ቲ ስትሪት አካባቢ ውረድና ሁለት መንገድ ወደ ምዕራብ ተራመድ፤ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ቡና ሸትቶህ የኛን ምግብ ቤቶች ራስህ ታገኛቸዋለህ። ኪራዩ ስለጨመረ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ወደ እናንተ ሰፈርና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል፤ የቀሩት ግን አሉ።

ሂሳቡ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በስማርትሪፕ፣ ማለት በአውቶቡስና በሜትሮ መክፈያው ካርድ፣ ወይም በስልክህ ክፈል፤ ያኔ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትይዝ ድጋሚ አይቆርጥብህም። በጥሬ ገንዘብ ከከፈልክ ይህ የለም። ለመውረድ ገመዱን ሳብ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንቴ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኬ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ዞሮ አይቶኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አድራሻ ሲሰጡህ መጨረሻው ላይ ኖርዝዌስት ይሁን ኖርዝኢስት ሳትጠይቅ አትነሣ። ከተማዋ በአራት ተከፍላ፣ ያው የመንገድ ስምና ያው ቁጥር በየክፍሉ ሊደገም ይችላል። እኔ ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ፣ እንጀራ ተሸክሜ፣ የማላውቀውን ሰው በር አንኳኩቻለሁ። ሰውየው ደግ ነበር፤ እንጀራውን ግን ሊቀበለኝ አልደፈረም።

ጥያቄ፦ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው የምኖረው። የጋራ ብስክሌት አባል ነኝ። ጠዋት ቤቴ አጠገብ አንድም ብስክሌት የለም፤ እንደምንም አግኝቼ መሀል ከተማ ስደርስ ደግሞ ማቆሚያው ሁሉ ሙሉ ነው። ምን ዓይነት አሠራር ነው?

መልስ፦ መልሱ አፑ ላይ የለም፤ መሬቱ ላይ ነው። ፍሎሪዳ አቬኑ ድሮ ባውንደሪ ስትሪት ነበር የሚባለው፣ የድንበር መንገድ እንደማለት። ፈረንሳዊው ላንፋን በ1791 የነደፈው ከተማ እዚያ ላይ ያበቃል። ለምን እዚያ? ከዚያ ወዲያ ዳገት ነዋ! ሜዳው እዚያ ላይ ያልቅና መሬቱ ወደ ላይ ይነሣል። አንተ የምትኖረው አናቱ ላይ ነው። ጠዋት ሁሉም ሰው በነፃ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ማታ ግን ያንን ከባድ ብስክሌት ሽቅብ የሚገፋ ጀግና ጥቂት ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ እንደ ውኃ ታች ይጠራቀማል። ድርጅቱ በመኪና ጭኖ ይመልሳል፤ ግን ሰው ከመኪናው ይቀድማል።

እኔ ከመሬቱ ጋር መከራከር ትቻለሁ። ሽቅብ በአውቶቡስ፣ ቁልቁል በብስክሌት። ጠዋት ብስክሌት ከፈለግህ ግማሽ ሰዓት ቅደም፤ ካልሆነልህ ማታ ከመሀል ከተማ አውቶቡስ ይዘህ ውጣና የብስክሌቱን ደስታ ለቅዳሜ አቆየው። ቅዳሜ ደግሞ ከሜሪዲያን ሂል ፓርክ ተነሥተህ በ15ኛው ጎዳና ውረድ፤ ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መስመር አለው፤ እስከ ናሽናል ሞል፣ እስከዚያ መታሰቢያዎቹ ያሉበት ሰፊ ሣር ድረስ፣ ፔዳል የምትመታው ከስንት አንዴ ነው። መሀል ከተማ ማቆሚያው ከሞላ ወደ ጠርዝ፣ ወደ ወንዙ በኩል ያለውን አፑ ላይ ፈልግ። የኤሌክትሪኩ ዳገቱን ይወጣልሃል፤ ነገር ግን አባል ብትሆንም በደቂቃ ያስከፍላል። በተለመደው ብስክሌት ግን ለዓመታዊ አባል የመጀመሪያዎቹ 45 ደቂቃዎች ነፃ ናቸው።

ይህን ለሌሎችም ልበል፦ የምግብ ድጎማ ወይም ሌላ የመንግሥት እርዳታ የምታገኙ ሰዎች የዓመቱን አባልነት በ5 ዶላር ማግኘት ትችላላችሁ። አምስት፤ አልተሳሳትኩም።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ሊጠይቁኝ ከጎንደር መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ናቸው። እኔ ሥራ ስሄድ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ፤ «እስር ቤት አመጣሽኝ» ይሉኛል። እንግሊዝኛ አያነቡም። አውቶቡስ ብቻቸውን መሳፈር ይችላሉ?

መልስ፦ ይችላሉ፣ ከጎንደር ዋሽንግተን ድረስ ብቻቸውን የበረሩ ሰው! የሞንትጎመሪ ካውንቲ አውቶቡስ፣ ራይድ ኦን፣ ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው። ካርድ የለ፣ ሳንቲም የለ፤ ወጥቶ መቀመጥ ነው። ለእናትሽ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ቢሳሳቱ እንኳ ወርደው ሌላ ይይዛሉ፣ የሚጠፋ ገንዘብ የለም።

ፊደሉን ባያነቡም ቁጥሩን ያነባሉ። ሁለት ቅዳሜ አብረሻቸው ተመላለሺ፦ ቁጥሩን፣ የሚወርዱበትን ምልክት፣ ገመዱን አሳያቸው። ዋናው ነገር የመመለሻው ፌርማታ ከመንገዱ ማዶ መሆኑ ነው፤ ሰው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። የቤቱን አድራሻና የስልክሽን ቁጥር በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺ። ፊት ያሉት ወንበሮች የአረጋውያን ናቸው፤ ደረጃው ከከበዳቸው ሾፌሩ አውቶቡሱን ዝቅ ያደርግላቸዋል።

ወደ ዲሲ በሜትሮባስ ሲሄዱ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ስለሆነ ዋጋው ግማሽ ነው፤ የአረጋውያን ስማርትሪፕ ካርድ አውጪላቸው። ደግሞ ንገሪያቸው፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር ከ2012 ጀምሮ እኅትማማች ናቸው። በእኅታቸው አውቶቡስ ነው የሚሳፈሩት።

ጥያቄ፦ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ቀዩን ብስክሌት ይዞ አውቶቡስ ፊት ያለው መስቀያ ላይ መስቀል ይፈልጋል። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። መስቀያው የግል ብስክሌት ላለው ነው። የጋራውን ቅርብ ያለ ማቆሚያ ላይ ይቆልፍ፣ ይሳፈር፣ ሲወርድ ሌላ ይውሰድ። ዕድሜው ግን ልክ ደርሷል፤ ከ16 በታች አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፤ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፤ ወንድሞቼ ሲነዱ እኔ ቡና እቆላ ነበር። አሁን ልጆቼ ይነዳሉ፣ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳ እጠብቃለሁ። መሽቶብኛል ወይ?

መልስ፦ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ አድገሽ ቢሆን ይህን አትጠይቂኝም ነበር። አልመሸብሽም። የዋሽንግተን አካባቢ ብስክሌተኞች ማኅበር ትልልቅ ሰዎችን የሚያስተምርበት ክፍል አለው፤ ሄደሽ ስታዪ አብዛኛው ተማሪ የአንቺ ዓይነት ሴት እንደሚሆን እገምታለሁ።

በራስሽ መጀመር ካማረሽ፦ ኮርቻውን ሁለቱም እግርሽ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጊ፤ ፔዳሉን እርሺው፤ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ላይ እግርሽን እያነሣሽ ተንሸራተቺ። ሚዛኑ ሲመጣልሽ ፔዳሉ ራሱ ይጠራሻል። ዓይንሽ ጎማው ላይ አይሁን፣ ሩቅ እዪ። ለልምምድ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ያለው የቢች ድራይቭ ሰሜናዊ ክፍል ለመኪና ዝግ ነው፤ ሰፊ አስፋልት፣ ጥላ፣ ወንዝ። ለዚያ ግን የሰው ብስክሌት ተዋሺ፤ የጋራው ደቂቃ እየቆጠረ ልብሽን ያስጨንቀዋል።

የጋራው በሌላ በኩል ለቀሚስ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ እግር አንሥቶ መሻገር አያስፈልግም፣ ካቴናውም የተሸፈነ ነው። ነጠላሽን ግን ቤት ተዪው፤ የኋላ ጎማ ነጠላ ይወዳል። ሄልሜት በዲሲ ሕግ የሚገደደው ከ16 በታች ያለ ልጅ ነው፤ አንቺ አድርጊ፣ ጀማሪ ነሽ። መሀል ከተማው የንግድ ቀጠና ውስጥ ደግሞ የእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ብስክሌት እንችላለን። ከዲሲ አሌክሳንድሪያ በወንዙ ዳር መሄድ እንደሚቻል ሰምተናል። በጋራው ብስክሌት ይደረሳል?

መልስ፦ ይደረሳል፣ ጥሩ እሁድም ይወጣዋል። ከጄፈርሰን መታሰቢያ ተነሡና የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ተሻገሩ፤ ማውንት ቨርነን ትሬል ላይ ያወጣችኋል። መንገዱ በጠቅላላ 29 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ሳይደርስ ግሬቭሊ ፖይንት የሚባል ሣር አለ። እዚያ ተጋደሙ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሆዱን የምትነኩት ይመስላችኋል። ባለቤትህ ከጮኸች አትሣቅ፤ ቀጥሎ የሚመጣው አንተን ያስጮሃል።

ያ ሣር ላይ ስትጋደሙ ግን 45 ደቂቃው ያልቃል። መፍትሔው ከዚያ ቀጥሎ ወደ ክሪስታል ሲቲ ገባ ብሎ ብስክሌቱን ቆልፎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ሌላ መውሰድ ነው። ስትቆልፉ አረንጓዴው መብራት ሳይበራ አትሂዱ፤ ያልተቆለፈ ብስክሌት ደቂቃ መቁጠሩን አያቆምም። ከዚያ ኪንግ ስትሪት ድረስ ሜዳ ነው። ወንዙ ዳር ዓሣ ብሉ።

በብስክሌት አትመለሱ። የአሌክሳንድሪያ አውቶቡስ፣ ዳሽ፣ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው፤ ኪንግ ስትሪት ላይ ሽቅብ ወደ ሜትሮ ጣቢያው የሚወስደው ትሮሊም ነፃ ነው። እዚያም ቢሆን ዳገቱ የአውቶቡሱ ነው።

ሐምሌና ነሐሴን ግን ተዉት፤ ወበቁ እንደ አዋሽ ነው።

ጥያቄ፦ ዘመዶቼ በአውቶቡስ መሄዴን እንደ ውድቀት ያዩታል። ሰርግ ላይ በአውቶቡስ ደርሼ «መኪናህ ተበላሸ?» ተባልኩ። ምን ልበል?

መልስ፦ «አዎ» በላቸው። ከዚያ ስትመለሱ እነሱ ፓርኪንጉ ላይ መኪናቸውን ሲፈልጉ አንተ በርህ ላይ ውረድ።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ብስክሌት ኮርቻው ወደ ኋላ ዞሮ አየዋለሁ። ልጆች ናቸው የሚያበላሹት?

መልስ፦ ልጆች አይደሉም፤ ደግ ሰው ነው። ብስክሌቱ ብልሽት እንዳለው ያየ ሰው ለሚቀጥለው ሰው የሚተወው ምልክት ነው፤ ፍሬኑ ይሆናል፣ ጎማው ይሆናል። አትንኩት፣ ከጎኑ ያለውን ውሰዱ። እናንተም የተበላሸ ይዛችሁ ከመጣችሁ ማቆሚያው ላይ ያለውን ቀይ የብልሽት ቁልፍ ተጫኑና ኮርቻውን አዙሩት።