የካርቶን ቱቦ ቅርጫት ለምን ይላቀቃል?

ጥያቄ፦ ከመርካቶ የጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ቱቦ አምጥቼ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ቆራርጬ፣ ጎን ለጎን እያቆምኩ በነጭ ኮላ አጣብቄ ለልብስና ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ቅርጫት ሠራሁ። ብዙም ሳይቆይ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ፤ የረጅሙ ጎን ወደ ውጭ ሆድ አወጣ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ታቹ ለስልሶ መሽተት ጀመረ። ኮላ ደጋግሜ ብጨምርም አልያዘም። ምን ይሻለኛል? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ኮላ መጨመሩን ያቁሙት፤ የተላቀቀው በኮላ ማነስ አይደለም። ሁለት ክብ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚነካኩት በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት በኮላ ቢሞሉትም ሲደርቅ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ነጭ ኮላ የሚጠነክረው ሁለት ፊቶች በደንብ ገጥመው በመካከላቸው ስስ ሆኖ ሲቀር ነው። ካርቶን ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ ኮላውን ቶሎ ስለሚመጠው መገጣጠሚያው ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የጨርቅ ቱቦ የላይኛው ወረቀት ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ሳይፋቅ ኮላ አይነክሰውም።

ስለዚህ ከማጣበቅዎ በፊት ቱቦው ጠፍጣፋ ፊት ሊወጣለት ይገባል። 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም ጣውላ ላይ ወጥረው ይለጥፉ፤ ከዚያ ቱቦውን ሳያንከባልሉ በቁመቱ ወደፊትና ወደኋላ ይፈግፍጉት። የውጭ ዲያሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፊት እስኪወጣለት የሚያጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አይጎዳውም። የሶፍት ቱቦ ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ በጣም ስስ ነው።

ፊቱ የሚወጣበትን ቦታ በዓይን አይገምቱ። ወረቀት በቱቦው ላይ አንድ ዙር ጠቅልለው ጫፍ ለጫፍ ልክ ሲገጥም ይቁረጡት። ለሁለት ሲያጥፉት ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት መስመሮች፣ ለአራት ሲያጥፉት ሩብ ዙሩን ያገኛሉ። በጎን የሚቆሙት ቱቦዎች በተቃራኒ በኩል ሁለት ፊት ይወጣላቸዋል። በማዕዘን የሚቆሙት አራቱ ግን ሁለቱ ፊታቸው በሩብ ዙር ርቀት ላይ መሆን አለበት። ይህ ከተዘነጋ ማዕዘኑ አይገጥምም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ልኩን ላስላልዎት። ውስጡ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ቅርጫት በ5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሲሠራ በእያንዳንዱ ረጅም ጎን 6፣ በእያንዳንዱ አጭር ጎን 4፣ በአራቱ ማዕዘን 4፣ በድምሩ 24 ቁራጭ ይፈልጋል። ቱቦው 1.5 ሜትር ርዝመት ካለው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር 7 ቁራጭ ይወጣዋል፤ የተረፈው 10 ሳንቲ ሜትር ለመጋዙና ለተጎዳው ጫፍ ነው። ስለዚህ 4 ቱቦ ይበቃል፤ 4 መጠባበቂያ ቁራጭም ይተርፍዎታል። ፊት ከወጣላቸው በኋላ እያንዳንዱ ቱቦ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚቀንስ ውስጡ ወደ 29.3 በ19.5 ይወርዳል። በዚህ የተነሳ ታቹን አስቀድመው አይቁረጡ። ቱቦዎቹን ያለ ኮላ ደርድረው፣ ልኩን ከነሱ ወስደው ነው ታቹ የሚቆረጠው።

ሲቆርጡ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ ይጠቀሙ። የመቁረጫውን መስመር በፕላስተር ይጠቅልሉ፤ ቱቦውን እያዞሩ ዙሪያውን ይቁረጡ እንጂ ከላይ እስከ ታች በአንድ አቅጣጫ አይጋዙ፤ መጋዙ በሚወጣበት በኩል ካርቶኑ የሚበጣጠሰው በዚህ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ እኩል ውሃና ኮላ ቀላቅለው ይቀቡት፤ ሲደርቅ በ120 ቁጥር ይለስልሱት። ቱቦ የሚሠራው ከተጠማዘዘ የወረቀት ድርብርብ ስለሆነ እርጥበት በአብዛኛው የሚገባው በዚህ ጫፍ ነው።

አሁን ማጣበቁ። በተፋቀው ፊት ላይ መጀመሪያ አንድ እጅ ውሃ በሁለት እጅ ኮላ የቀጠነውን ቀብተው ካርቶኑ እስኪጠጣው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። ቀጥሎ ያልቀጠነውን ኮላ በሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርገው ቀብተው ይግጠሙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማቆም አይሞክሩ፤ ሁለት ሁለቱን፣ ከዚያ አንድ ጎን ሙሉውን፣ በመጨረሻ አራቱን ጎን ያገናኙ። ለማሰሪያ ከጎሚስታ ቤት የተጣለ ካላማዳሪ በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጠው ይጠቀሙ፤ ሳይቆርጥ እኩል ይጨምቃል። በውስጡ በኩል ግን በልኩ የተቆረጠ ጣውላ ሳያስገቡ አጥብቀው ካሰሩት ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ታስሮ ይቆይ፤ ዕቃ ለመጫን ሙሉ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን ይጠብቁ።

ሆድ ያወጣው ግድግዳው ከላይ የሚይዘው ስለሌለ ነው። መፍትሔው ስፌት ነው። ከላይ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅና ከፍ ብለው፣ ሁለቱ ቱቦዎች በተጣበቁበት ቦታ አጠገብ በወስፌ ይብሱ። ድርብ ሲባጎ እያንዳንዱን ቱቦ ከጎረቤቱ እያያያዘ ዙሪያውን ይዙር። ኮላው አንድ ቦታ ቢከዳ እንኳ ሲባጎው ቅርጹን ይዞ ያቆየዋል። እኔ ይህን ሳይጨምር የተሠራ ትልቅ ቅርጫት አልመክርም።

ታቹ ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ንጣፍ ተራ ካርቶን ያስፈልጋል፤ የመሃለኛው ጎድጓዳ መስመር ከሌሎቹ ጋር እንዲጻረር አዙረው ያጣብቁት። አንዱን ታች በውስጥ ልክ፣ ሌላውን በውጭ ልክ (39.3 በ29.5 አካባቢ) ሠርተው ቱቦዎቹን ትልቁ ላይ ያቁሙ፤ ትንሹ ከውስጥ ይደግፋቸዋል።

እርጥበቱን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ምድር ላይ ያለ ቤት ወለሉም ግድግዳውም ስለሚረጥብ ቅርጫቱ መሬት ሊነካ አይገባም። 2 ሳንቲ ሜትር የጣውላ እግር ያድርጉለት፤ ከግድግዳም አራት ጣት ያህል ያርቁት። ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡት፤ የመጀመሪያውን አንድ እጅ አኳራጅ በአራት እጅ ቫርኒሽ ያቅጥኑት፤ ከሰል በሌለበት፣ መስኮት ተከፍቶ። ውስጡን፣ ውጩንና ጫፉን እኩል ይቀቡ፤ ውጩ ብቻ ከተቀባ ካርቶኑ ባልተቀባው በኩል ያብጥና ይጣመማል። ቫርኒሽ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ ያልደረቀ ልብስ አይክተቱበት። የዱቄት ሙጫም አይጠቀሙ፤ በረሮና አይጥ ይጠራል።

አሁን በእጅዎ ያለውን ቅርጫት ይበትኑት። አዲስ ኮላ በደረቀ አሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም፤ አሮጌውን እስከ ካርቶኑ ድረስ ይፋቁ። እያንዳንዱን ቱቦ በጣትዎ ይምቱት፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የረጠበው ይታፈናል። የረጠበውን ፀሐይ ላይ ያድርቁ፤ የሸተተውን፣ ጥቁር ነጥብ ያወጣውንና ድርብርቡ የተላቀቀውን ግን ይጣሉ። የሻገተ ቱቦ ቢቀባም ሽታው ወደ ልብስዎ ይሻገራል።