የተለቀለቀው ግድግዳ፦ ለወጣት የጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ፍኖተ ሰላም ከቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ውሃው በየጉድጓዱ አቁሯል። ይህን ወር ዕድሜ ልኬን ስፈራው ኖሬያለሁ። በእኛ አገር ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው።

ሥራ የጀመርኩት መድኃኒት ረጪ ሆኜ ነው። በኋላ ተማርኩና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከቆላው አልራቅኩም። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ደምበጫ፣ የአባይ በረሃ አፋፍ፤ በእግሬ ያልረገጥኩት ቀበሌ ጥቂት ነው። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ምክር ፈልገው ቤቴ መጡ። ስልካቸው ላይ የወባ ሥርጭት ካርታ አሳዩኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። ግን የምነግራቸው ብዙ ነበርና በአንድ ቡና አላለቀም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

በአንድ ግድግዳ ልጀምር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሐምሌና በነሐሴ ዲዲቲ የሚባለውን የቢንቢ መድኃኒት እንረጭ ነበር። ሃድሰን የሚባለውን መርጫ ፓምፕ በትከሻችን አንግተን፣ በጭቃው ውስጥ፣ ቤት ለቤት። የሥራው ሐሳብ ቀላል ነው። ቢንቢዋ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው መድኃኒት ካለው ትሞታለች። አንዴ የተረጨ ዲዲቲ ደግሞ ለወራት ይቆያል። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

መስከረም ሲጠባ ግን እናቶች ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤታቸውን ይለቀልቃሉ። ጭቃና አዛባ ቀላቅለው፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያስውቡታል። መድኃኒታችን ከጭቃው ሥር ይቀበራል። ወባ ልትነሣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ማለት ነው። የእኛ ሪፖርት ግን "ሁሉም ቤት ተረጭቷል" ይላል። ውሸት አልነበረም። ተረጭቷል።

ከዚያ በሽታው ሲነሣ ምክንያት ይጻፋል፤ "የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ።" እኔም በእጄ ጽፌዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ሲለቀልቁ ደረስኩና ቆጣ ብዬ ተናገርኳቸው። እጃቸው ጭቃ እንደሆነ ዞር አሉና፦

"አንተ ልጅ፣ ለመስቀል ቤቴን ሳልለቀልቅ እንግዳ ላስገባ ነው? መቼ እንደምትመጡ ማን አማከረን? እኛ የምንለቀልቅበትን ቀን እንደሆነ አገር ያውቀዋል" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። የርጭቱ ቀን የሚቆረጠው ቢሮ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሚደርስበትን፣ በጀቱ የሚለቀቅበትን፣ መኪናው የሚገኝበትን ጊዜ አይተው ይወስናሉ። የእኚያን እናት ቀን መቁጠሪያ የተመለከተ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱ ሥራውን ያውቃል። የጎደለው እናትየዋን የሚጠይቅ ሰው ነበር። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ዛሬውኑ እንድትረዱት ነው የምለፋው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1951 ዓ.ም. መባቻ በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ወባ ተነሥታ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ ወደ 150 ሺህ የሚሆን ሞተ ተብሎ ተገምቷል። አባቴ ሲያወራው ድምፁ ይቀየር ነበር። አዝመራ የሚሰበስብ ጠፍቶ ማሳው ላይ የቀረበት ዘመን ነው ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። በዓለም ደረጃ "ወባን እናጠፋለን" የሚል ዘመቻ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ እየተካሄደ ነበርና ዲዲቲውም ገንዘቡም በዚያ መንፈስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ሐሳቡን ለወጠ። በሁሉም አገር በአንድ ጊዜ ማጥፋት አይቻልም፣ መቆጣጠር ይሻላል ተባለ። ዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ አንድ ቃል ሲለወጥ ቆላ ያለው ረጪ ፓምፕ ይለወጣል፣ ነዳጅ ይለወጣል፣ ደመወዝ ይለወጣል። በሽታ መቆጣጠር ፖለቲካ ነው የምላችሁ ለዚህ ነው። ስለ ፓርቲ አይደለም የማወራው። ማን ይወስናል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠየቃል፤ እሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ያ ራሱን ችሎ የቆመ የወባ መዋቅር ፈርሶ ሥራው ወደ ክልል ጤና ቢሮዎች ገባ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ወባ ለብቻዋ፣ ሌላው በሽታ ለብቻው መሄድ የለበትም። ነገር ግን የደም ናሙና አይተው የተውሳኩን ዓይነት በቅጽበት የሚለዩ ሰዎች ነበሩን። የየጅረቱን ጠባይ በቃላቸው የሚያውቁ። ተበተኑ። ያን እውቀት ማንም አልመዘገበውም። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ከዚያ ጥሩ ዘመን መጣ፤ ይህንንም በሐቅ እናገራለሁ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አጎበር በሚሊዮን ታደለ። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ጤና ኬላ ድረስ ወረደ። ትኩሳት የያዘው ልጅ ሰዓታት ተጉዞ ከተማ መግባቱ ቀረ፤ እዚያው ጣቱን ተወግቶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል። በዚያ ዘመን መሥራቴ ዕድሌ ነው።

ወባ ስትቀንስ ግን ትረሳለች። አጎበር በሦስት ዓመት ገደማ ይቀደዳል፤ ምትኩ ይዘገያል። ሰሊጥ ለማረም ወደ መተማ የወረደው ወጣት ሜዳ ላይ ያድራል፤ አጎበሩ ጎጃም ቤቱ ተሰቅሏል። ቢንቢዋ ዲዲቲን ለመደችው፣ ቀጥሎ የመጣውንም መልመድ ጀመረች። ከተማ ውስጥ በውሃ በርሜል የምትራባ አዲስ ዝርያም እ.ኤ.አ. በ2016 በሱማሌ ክልል ተገኘች። በዚህ ላይ የሰላም እጦት ተጨመረ። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው ርጭትና መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታመመ፣ 1,157 ሰው ሞተ።

በዚያው ጥቅምት የአባያችን ውሃ የሚደርስባት ግብፅ ከወባ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋገጠ። ዜናውን ስሰማ ብዙ አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1942 እነሱም ከ3 ሚሊዮን በላይ ታማሚ ነበራቸው። እኛ በ1951 ዓ.ም. የደረሰብን ያህል። አስዋን ግድብ ሲሠራ አዲስ የወባ ስጋት መጣባቸው፤ ከሱዳን ጋር ሆነው ተከላከሉት። ምርመራና ሕክምናውን ለሁሉም በነፃ አደረጉ። ወደ መቶ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። መሬታቸው ከእኛ ይለያል፣ የቢንቢው ብርታትም ይለያል፤ እንዲያው ዝም ብዬ አላወዳድርም። ግን በሽታው ሲቀንስ ሥራቸውን አላቆሙም። እኛ ሁልጊዜ የምናቆመው እዚያ ላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም ስንት ወረዳ እንደደነገጠ አይታችኋል። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ልጆች በአንድ ደብዳቤ ሥራቸውን ተነጠቁ። እርዳታ አትቀበሉ አልልም። በእርዳታ የዳነ ሕፃን አቅፌያለሁ። ግን የእርዳታውም አሰጣጥ ይለያያል። በፊንላንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በክልላችን የተጀመረውን የገጠር ውሃ ፕሮግራም ተመልከቱ። በኋላ ላይ ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ መስጠት ጀመሩ። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነበር። ለጥገና የሚሆነውንም ሕዝቡ አስቀድሞ ይቆጥብ ነበር። በሌላ ፕሮጀክት የተቆፈረ ጉድጓድ ግን በአንዲት የፓምፕ ጎማ እጦት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ፣ እናቶች ወደ ወንዝ ሲመለሱ አይቻለሁ። ፓምፑ ያው ፓምፕ ነበር።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ መተግበሪያ፣ አዲስ መድኃኒት ይዞላችሁ የሚመጣ ሲኖር፣ ከምረቃው በፊት ጠይቁ። ሲበላሽ መለዋወጫው የት ይገኛል? ከሦስት ዓመት በኋላ በወረዳው በጀት ውስጥ ስሙ አለ? ቀኑን የወሰነው ማን ነው? ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ቁጥር የተረጨውን ቤት ነው ወይስ የተረፈውን ሰው? አለቃችሁ ላይደሰት ይችላል። ግድ የለም፣ በአክብሮት ጠይቁ። በጀት ሲመደብ ስብሰባው ላይ ተገኙ። እኔ በወጣትነቴ ያን ስብሰባ የአስተዳደር ሰዎች ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ይቆጨኛል።

ካርታችሁን ደግሞ አትጣሉት። ኔትወርክ በሌለበትም እንዲሠራ አድርጉት፤ ለዚያች ጤና ኬላ ለተቀመጠችው ልጅም መልሳችሁ አሳዩአት። መረጃውን የሰበሰበችው እሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ከእኛ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የምትሠራ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ያደረገችውን ላውጋችሁ። ሚያዝያ ላይ የእድር እናቶችን ሰብስባ "ቤት የምትለቀልቁት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ለመስቀል ነው አሏት። "ውስጡን ቀደም ብታደርጉት ምን ይላችኋል?" አለች። ተከራከሩ። ክረምት ከገባ ጭቃው አይደርቅም አሏት። በመጨረሻ ራሳቸው ቀን ቆረጡ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የውስጥ ግድግዳቸውን ለቅልቀው ጨረሱ። ረጪዎቹ ሲደርሱ ግድግዳው ደርቆ ጠበቃቸው። መስከረም ሲገባ እናቶቹ የለቀለቁት ወለሉንና የውጩን ግድግዳ ብቻ ነበር። ልጅቷ ዘንድሮም ሚያዝያ ላይ ሰብስባቸዋለች።