ትኩሱን አትክደኑት፦ ለገና ወደ ቤተሰብ ለሚሄዱ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ገና ሲቃረብ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከሆለታ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ወይ ወጡ አልሆነም፣ ወይ እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ወይ ከእናት ቤት በፍቅር የመጣው ነገር ወር ሳይሞላው ሻግቷል። መልሶቹን ስንጽፍ ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከውሃ ነው። ወይ ሳይመጠጥ ቀርቷል፣ ወይ በእንፋሎት መልክ ታፍኗል።

«ገናን ሰበታ ባለቤቴ ቤተሰብ ዘንድ ነው የምንውለው። ዶሮ ወጡ ለእኔ ተሰጥቶኛል፤ አሥር ሰው ይበላል። ባለፈው ፋሲካ የሽንኩርቱ ቁርጥራጭ እየታየ ቀረበ፣ ወጡም ውሃው ለብቻ ቅቤው ለብቻ ሆነ። አማቴ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ግን ከመናገር ባሰብኝ። ልኩን ንገሩኝ።»

እህታችን፣ ዶሮው 12 ብልት ስላለው ለአሥር ሰው አንድ ይበቃል፤ ሁለት ብልትም ይተርፋል። 1.5 ኪሎ ገደማ ለሚሆን ዶሮ 2.5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 250 ግራም በርበሬ፣ 300 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ መከለሻና 12 እንቁላል ያዘጋጁ።

ያለፈው ጊዜ ጥፋት ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን በእጅ አድቅቀው ይክተፉ። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ዘይት ሳይገባ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እያማሰሉ ያብስሉት። ሰዓቱን ሳይሆን ድስቱን ይመኑ፤ ማማሰያውን በድስቱ መሐል ሲጎትቱት የከፈተው መንገድ ደርቆ ከቆየ ደርሷል፣ ውሃ ተመልሶ ከሞላው ገና ነው። ሰው በብዛት የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ዘይት ከገባ በኋላ የቀረው ውሃ ቶሎ አይወጣም፤ በመጨረሻም ከቅቤው ተለይቶ የሚንሳፈፈው እሱ ነው።

ከዚያ ዘይቱን ጨምረው 15 ደቂቃ ካቁላሉ በኋላ በርበሬውን ያግቡ። ሲይዝ የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጉ ቢያንስ 40 ደቂቃ ያማስሉ። በርበሬው መብሰሉን ቀለሙ ይነግርዎታል፤ ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይለወጣል፣ ማስነጠሱንም ይተዋል። አንድ ጊዜ ካረረ ግን ምንም አያድነውም፤ ምሬቱን ቅቤ አይሸፍነውም። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምረው 10 ደቂቃ፣ ቅቤውን ጨምረው ደግሞ 15 ደቂቃ ያቆዩት።

ዶሮው በሎሚና በጨው ውሃ 30 ደቂቃ ተዘፍዝፎ፣ የሚታጠብበት ውሃ እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ፣ ማጥለያ ላይ ጠብታው እስኪያቆም ይቀመጥ። ብዙዎች ይህን ንቀው ይተዉታል፤ ሳይንጠፈጠፍ የገባ ሥጋ ግን አንድ ሰዓት የደከሙበትን ቁሌት መልሶ ያቀጥነዋል። የሐበሻ ዶሮ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የፈረንጅ ዶሮ ከ30 ደቂቃ ካለፈ ከአጥንቱ ይለቃል። ሁለቱን በአንድ ድስት አያብስሉ። የተቀቀለውን እንቁላል በቢላ ጫር ጫር አድርገው ከመከለሻው ጋር በመጨረሻው 10 ደቂቃ ይጨምሩ።

ጨውን በተመለከተ፣ የገና ዋዜማ ጾም ስለሆነ መቅመስ አይቻልም። ከገበያ የሚገዛ በርበሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨው አለበት። ስለዚህ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ጨምረው ቀሪውን ለማይጾም ልጅ ምላስ ይተዉት፤ በየቤቱ የሚደረገውም ይኸው ነው።

ወጡ እንደ አምናው ቢለያይብዎ ዶሮውን አውጥተው መረቁን ብቻ ሳይከድኑ በዝግታ ያንተክትኩት። ዱቄት ጨምሮ ማወፈር አማት ፊት አያዋጣም።

«ወላጆቼ ሱሉልታ ናቸው። ወጡን አዲስ አበባ ሠርቼ በአገልግል ልውሰድላቸው ወይስ እዚያው ልሥራ?»

ቁሌቱን ይውሰዱ፣ ዶሮውን እዚያ ይጨምሩ። ያለ ሥጋ እስከ ቅቤው ድረስ የተሠራ ቁሌት በሰፊ ትሪ ላይ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። በጠዋት ታክሲ ሲንገላታም አይፈስም፤ ወፍራም ነው። ያለቀለት ወጥ መውሰድ የግድ ከሆነ ትኩሱን አይክደኑ፤ በትኩሱ የታፈነ ወጥ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ስለሚቆይ ይበላሻል። አቀዝቅዘው ይያዙት፣ እንደደረሱም እስኪንፈቀፈቅ ያፍሉት። አገልግሉ ግን እንጀራና ድፎ ዳቦ ይያዝ፤ ቅባት የጠጣ አገልግል ሽታው አይለቅም።

«መሐል ከተማ ስኖር እንጀራዬ ዓይናም ነበር። ሱሉልታ እናቴ ቤት ስጋግር ድፍን ይሆንብኛል። ጤፉም እርሾውም ያው ነው።»

ብርዱ ግን ያው አይደለም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊቱም ውርጭ አለበት። መሐል ከተማ በሦስት ቀን የሚደርስ ሊጥ እዚያ አራት ወይም አምስት ቀን ይወስዳል። ቀን አይቁጠሩ፤ ውሃው ከላይ ጠሎ ሊጡ ከሥር አረፋ ሲይዝና ጎምዘዝ ያለ ሽታ ሲሰጥ ነው የደረሰው። ሲያቦኩ ለብ ያለ ውሃ ይጠቀሙ፣ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ማታ እሳት ከነበረበት ክፍል ያሳድሩት።

ቀጥሎ አብሲቱን ይመርምሩ። ለ3 ኪሎ ዱቄት ከሊጡ ግማሽ ሊትር ያህል ቀንሰው በ1.5 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ቀጭን አጥሚት እስኪመስል ያብስሉት። ጣትዎ እስኪችለው ቀዝቅዞ ይመለስ፤ በትኩሱ የተመለሰ አብሲት እርሾውን ይገድለዋል። ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠብቁ፤ በብርድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ኩፍ ሳይል የተጋገረ እንጀራ ድፍን ነው፣ ኩፍ ብሎ ከወረደ በኋላ የተጋገረውም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ድፍን ከሆነ ጥፋቱ የምጣዱ ነው። በዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በአንድ ጊዜ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፤ መብራቱ በርቶ ምጣዱ ግን አይግልም። ሁለት ቀን ቀድመው ወይም ጎሕ ሲቀድ ይጋግሩ። ትንሽ ሊጥ ጠብ አድርገው ይሞክሩት፤ ወዲያው ዓይን ካላወጣ ሙሉውን አያፍስሱ። የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ምጣዱ በጎመን ዘር በደንብ አልተሟሸም።

«እናቴ ያነጠረችልኝ ቅቤ በወሩ ሻገተ።»

ሲነጠር ውሃው ሳይወጣ እሳቱ ጠፍቷል፣ ወይም እርጥብ ማንኪያ ገብቶበታል። ቅቤው አረፋውን ጨርሶ፣ መንጣጣቱን ትቶ፣ ከላይ ጠርቶ ታቹ ሲታይ ነው የሚወርደው። ለ1 ኪሎ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ጥቂት አብሽና በጣት ቁንጥር እርድ ይበቃዋል። በነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ ዝቃጩ ከገባበት ቶሎ ይከረፋል። የሻገተውን ከላይ ገፎ መብላት አይመከርም።

«ከአያቴ የተወረሰ መሶብ አለኝ። ውስጡ ነጭ ሻጋታ አወጣ፣ ጠርዙ ላይም ስፌቱ ተተርትሯል። ማጠብ ይቻላል?»

አይዘፍዝፉት። ቀለሙ ይለቃል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በጥቅልሉ ውስጥ የገባው ውሃ ለቀናት አለመድረቁ ነው። ደጅ አውጥተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ሻጋታውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ እኩል በእኩል በውሃ የቀጠነ አቼቶ ጨርቅ ላይ ነክረው፣ ጨምቀው፣ መጀመሪያ ከሥሩ በማይታይ ቦታ ቀለሙ እንዳይለቅ ይፈትኑ፤ ካለቀቀ ውስጡን ይጥረጉ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሁለት ሦስት ቀን ይሰንብት። ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ቀለሙን ግን ያነጣዋል። ሻጋታው ጠቁሮ ስፌቱ ውስጥ ዘልቆ ከሆነ ግን እንጀራ አይግባበት፤ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፣ ለማስታወሻነት አያንስም።

መተርተሩ ቀላል ነው። ስንደዶና አክርማ ከሚሸጡ ሴቶች ጥቂት ገዝተው፣ ሣሩን በውሃ አለስልሰው፣ ከተተረተረበት ቦታ ሦስት አራት ስፌት ወደኋላ መለስ ብለው በወስፌ ይጀምሩ። በደረቁ የሚሰፋ ሣር ይሰበራል። ሻጋታው እንዳይመለስ እንጀራው ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ከበረደ በኋላ ብቻ ይግባ፤ በዓል ሲያልፍም መሶቡን በፌስታል አይጠቅልሉት።

«እናቴ ለዓመታት የፈተለችው ልቃቂት ሆለታ ቤቷ ተቀምጧል። ለአባቴ ጋቢ ማሠራት እፈልጋለሁ። ለገና ይደርሳል?»

ለዘንድሮው ገና አይደርስም ብለን እንቁረጥልዎ። በበዓል ሰሞን የሸማኔ እጅ አይገኝም፤ ለገና የሚፈለግ ጋቢ በጥቅምት መሰጠት ነበረበት። ለፋሲካ ያድርጉት።

ልቃቂቶቹን ቀጭኑንና ወፍራሙን ለዩ፤ ከተደባለቁ ሸማው አንድ ወጥ አይሆንም። ከእያንዳንዱ ክር ክንድ ያህል ስበው ይሞክሩ፤ በቀላሉ የሚበጠስ ከሆነ በዕድሜ ወይም በብል ተጎድቷል፣ ይውጣ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ነጠላ ሁለት፤ ስለዚህ ለአንድ ጋቢ ያልበቃ ፈትል ለአንድ ነጠላ ሊበቃ ይችላል። እናትዎ የፈተሉት ለማጉ ብቻ ከሆነ ድሩን ከገበያ በተገዛ የፋብሪካ ክር ማሠራት የተለመደ ነው፤ ድር ብዙ ስለሚወጠር ጠንካራ ክር ይፈልጋል።

ሽሮ ሜዳም ይውሰዱት ሌላ ቦታ፣ ፈትሉን ሸማኔው ፊት መዝነው ያስረክቡ፤ ሲረከቡም ጋቢውንና የተረፈውን አብረው ይመዝኑ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የጥበቡን ቀለምና የተረፈው ክር እንደሚመለስ አስቀድመው ይስማሙ። ይህን ማድረግ ሸማኔውን መጠርጠር አይደለም፤ የእናት ፈትል በገበያ ክር እንዳይለወጥ ነው።

ጋቢው ሲታጠብ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ጥጡን ያሳሳዋል። አይጠምዝዙት፤ በእጅ ጫን ጫን አድርገው ውሃውን ያውጡ፣ በሁለት ገመድ ላይ ዘርግተው ያስጡ። ውሃ የያዘ ጋቢ ከባድ ስለሆነ በአንድ ገመድ ከተንጠለጠለ ይለጠጣል።

«እህቴ ከገና በኋላ ወደ ጀርመን ትመለሳለች። እናታችን ቋንጣና ቅቤ ልትቋጥርላት ነው። ያልፋል?»

አያልፍም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካሉ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ለግል ምግብም ቢሆን ክልክል ነው፤ ቋንጣውም ቅቤውም ይወሰዳል። የእናት ድካም አየር ማረፊያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከሚያድር በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ቢቋጠር ይሻላል፤ ዳቦ ቆሎው ግን በወተትና በቅቤ አይሠራ።

ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በእጅ ይሹት፤ የሚፈረካከሰው በዚህ ነው። ከዚያ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ጠንከር አድርገው ያቡኩት፣ እንደ እርሳስ አድበልብለው ሽምብራ በሚያህል መጠን ይቁረጡት። በዝግተኛ እሳት ምጣድ ላይ 40 ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ይቁሉት። እሳቱ ከበረታ ውጭው ይጠቁራል፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከምጣዱ ወርዶ ጭልጥ ብሎ እስኪበርድ፣ ቢቻል እስከ ማግሥቱ፣ ሰፌድ ላይ ይደር። ከመቋጠሩ በፊት ሁለት ሦስቱን ሰብረው ይዩ፤ መሐሉ የሚለመጥ ካለ ሁሉም ወደ ምጣዱ ይመለስ።