ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ከሆነ መብት ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት አከራያለሁ። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ጥሩ ነው። ሮቶ ገዝቼ እሞላለሁ። ተከራዮቼ እንዳይጨርሱብኝ ግን ለየቤቱ በቀን ሁለት ጀሪካን ወስኜ ቧንቧውን እቆልፋለሁ። ሰሞኑን ሕፃን ልጅ ያላት አንዷ ተከራይ «ውኃ እኮ ሰብአዊ መብት ነው» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ፤ ክፉም ተናገርኳት። ውኃ የፈጣሪ ስጦታ አይደለም እንዴ? እንዴት የሰው መብት ይሆናል? እኔ መንገደኛ ውኃ ሲለምነኝ ከልክዬ አላውቅም። የኪዳነ ምሕረትንም ዝክር እዘክራለሁ። (ወለተ ማርያም)

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ዝክርሽን እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። ስለ ዝክር ሥርዓት አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔ የያዘኝ ንዴትሽ ነው። ይህን ንዴት ከብዙ ምእመናን አፍ ሰምቼዋለሁ። «ለምኖኝ ቢሆን እሰጠው ነበር፤ መብቴ ነው ሲለኝ ግን እጄ ታሰረ» ይላሉ። ስንለመን ደስ ይለናል፤ ስንጠየቅ ይከፋናል። ለምን ይመስልሻል? ሲለምነን ውኃው የእኛ ነው። ሲጠይቀን ግን የእርሱም እንደሆነ ያስታውሰናል።

ኪዳነ ምሕረትን ካነሣሽ የበላዔ ሰብን ታሪክ በደንብ ታውቂዋለሽ። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ስለ ድንግል ማርያም ብሎ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። የካቲት 16 ሲነገር ሁላችንም ዓይናችን ሰጪው ላይ ነው። እስኪ አንድ ጊዜ በተጠማው ሰው በኩል ሆነሽ ስሚው። ቁስለኛ ነው፤ ጉሮሮው ደርቋል። ስለ እግዚአብሔር ብሎ ቢለምን እምቢ ተባለ። እመቤታችን እስክትጠራ ድረስ አንድ ጭላጭ አላገኘም። ይህ ታሪክ የእመቤታችንን አማላጅነትና የልጇን ቸርነት ይነግረናል። «የተጠማ ሰው መጀመሪያ በደንብ ይለምን» የሚል ትምህርት የለበትም። ብዙዎቻችን ግን ይዘነው የወጣነው «ጥርኝ ውኃ ይበቃል» የሚለውን ብቻ ነው። ለበላዔ ሰብ ጥርኙ የመጀመሪያው በጎ ሥራ ነበር። ስንት ዓመት ስታስቀድሺ ለኖርሽው ለአንቺ ግን መለኪያሽ እርሱ ሊሆን ነው?

ጀሪካኑን እንቁጠረው። ሁለት ጀሪካን 40 ሊትር ነው። ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ካለ ለአንድ ሰው 8 ሊትር ይደርሰዋል። በዚያች 8 ሊትር ወጥ ይሠራል፣ ሰሃን ይታጠባል፣ የሕፃን ጨርቅ ይለቀለቃል፣ ገላ ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይደፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። ልጅቷ መብት ያለችሽ ቅንጦት አምሯት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ውኃ ስጦታ ነው፤ እውነትሽን ነው። በእግዚአብሔር ፊት እኔም፣ አንቺም፣ ተከራይሽም «ይገባኛል» የምንለው የለንም። እርስ በርሳችን ግን ሌላ ነው። አባት ለልጆቹ ሁሉ አንድ መሶብ አቀረበ እንበል። ታላቅየው ክዳኑን ይዞ ታናሹን «መጀመሪያ ለምነኝ» ቢለው አባትየው ምን ይላል? ስጦታነቱ ከአባት ወደ ልጆች ነው። በልጆቹ መካከል ድርሻ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ጎተራውን ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ ሲያስተምር፣ ይዘህ ያስቀረኸው እንጀራ የተራበው ሰው ድርሻ ነው ብሏል። ለውኃም ያው ነው።

«ውኃዬን» ብሎ መጠየቅ የትዕቢት ነገር ከመሰለሽ አብርሃምን ተመልከቺ። የአቤሜሌክ ሎሌዎች የውኃ ጉድጓዱን ሲነጥቁት ዝም አላለም፤ ንጉሡን ፊት ለፊት ወቀሰው (ዘፍ. 21፥25)። ሙሴም በምድያም የካህኑ ሴቶች ልጆች ቀድተው ገንዳውን ሞልተው እረኞቹ ሲያባርሯቸው አይቶ «ታገሡ፣ ጸልዩ» አላላቸውም። ተነሥቶ ረዳቸው፤ በጎቻቸውንም አጠጣ (ዘፀ. 2፥17)። ዓለማዊውም ሕግ ዘግይቶም ቢሆን እዚሁ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውኃ ሰብአዊ መብት ነው ሲል 122 አገሮች ደገፉ፤ ተቃዋሚ አልነበረም። 41 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ እኛም ከነዚያ መካከል ነበርን! የራሳችን ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 90 የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ለኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውኃ እንዲደርስ ይላል።

«እንግዲህ በነጻ ላድል?» ትዪኝ ይሆናል። አላልኩም። እግዚአብሔር ራሱ እስራኤል በኤሳው ልጆች አገር ሲያልፉ ውኃውን በገንዘብ ገዝተው እንዲጠጡ አዝዟል (ዘዳ. 2፥6)። ለቧንቧ፣ ለፓምፕ፣ ለመብራት ያወጣሽውን መካፈል ነውር የለውም። ኤርምያስ «ውኃችንን በብር ጠጣን» ብሎ ሲያለቅስ ግን (ሰቆ. 5፥4) የሚያለቅሰው በገዛ ውኃቸው ባዕድ ስላዘዘባቸው ነው። ወጪን መጋራትና በሰው ጥም ላይ ማዘዝ ይለያያሉ።

ደግሞ ጭነቱ ሁሉ የአንቺ አይደለም። ፈረቃውን አንቺ አላመጣሽውም። «ውኃ የጠፋው በኃጢአታችን ነው» የሚሉም አሉ። ዝናብ ሲቀር ምሕላ እንይዛለን፤ ደግ ነው። የተሰበረ ቧንቧ ግን ቧንቧ ሠራተኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተከራዮችሽና ከጎረቤቶችሽ ጋር ፈርማችሁ ለሚመለከተው ክፍል አቤት በሉ። ይህም ክርስትና ነው።

ከነገ ጀምሮ ይህን አድርጊ። ተከራዮችሽን ሰብስቢ፤ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ለስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ንገሪያቸው። በቤት ሳይሆን በሰው ቁጥር አካፍሉት፤ ሕፃንና ታማሚ ያለበት ቤት ይጨመርለት። የራስሽም ቤት በዚያው ልክ ይቆጠር፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ አከራይ የሚወድቀው። ቢሉ ሲመጣ ግልጽ አድርገሽ አሳዪያቸው። ውኃው ውል ከያዘ ቁልፉ አያስፈልግሽም።

መንገደኛውን ማጠጣትሽን አትተዪ። ያቺን ልጅ ግን ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቂያት። የተናገርሻትን ነገር ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።